የኖሪን ሐሳብ በግሌኒስ አፍ

ኖሪን ፒርስ መጽሐፍ ማንበብ የጀመረችው በሃምሳ ስምንት ዓመቷ፣ ባሏ ክላሪ በሞተ በጥቂት ወሩ ነው። ከዚያ በፊት የምታነበው ነገር ቢኖር የዘር ፓኬት ጀርባና የአየር ትንበያ ብቻ ነበር። ቤቱ ጭር ሲልባት በየአስራ አምስት ቀኑ ማክሰኞ ወደ መንደሩ ከምትመጣው የቤተ መጻሕፍት መኪና አንድ ልቦለድ ተዋሰች። ቀጥሎ ሁለት ወሰደች። እያደር መኪናዋ ገና ሳትቆም ቦርሳዋን አንጠልጥላ መንገድ ዳር የምትጠብቀው እሷ ሆነች።

አሁን ስድሳ አራት ሞልቷታል። ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ያልገባትን ገጽ እየመለሰች፣ ደራሲው ያናደዳት እንደሆነ መጽሐፉን አልጋው ላይ ወርውራ ወጥ ቤት ደርሳ እየተመለሰች። ያነበበችው ነገር ግን አይለቃትም። ጠዋት አብሯት ሥራ ይገባል።

የምትሠራው በታዝማኒያ ደሴት ደቡብ፣ ሂዮን ወንዝ ዳር ባለ አንድ የፖም ማሸጊያ ቤት ነው። በመከር ወራት ፖሙ በትልልቅ ሳጥን ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ እየተንከባለለ በሴቶቹ ፊት ያልፋል። እነሱ የተጨፈለቀውን፣ ትል የበላውን፣ ፀሐይ ያቃጠለውን እየለቀሙ ይጥላሉ። ሥራው ለእጅና ለዓይን ነው፤ አፍ ሥራ ፈት ነው፤ ስለዚህ ያወራል። በሌላው ቀበቶ ስለ ልጅ ልጅና ስለ ጉልበት ሕመም ይወራል። በእነ ኖሪን ቀበቶ ግን የሚወራው ስለ መጽሐፍ ነው።

ወሬውን ሁልጊዜ የምትከፍተው ግሌኒስ ናት። ግሌኒስ ኮርኒሽ ከኖሪን በስተቀኝ መቆም ከጀመረች አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ረጅም፣ ጸጉሯን ቀይ የምትቀባ፣ ሳቋ ከማሽኑ ጩኸት በላይ የሚሰማ ሴት።

"እሺ ኖሪን፣ ደግሞ ምን እያነበብሽ ነው?" ትላለች ጠዋት ጠዋት ጓንቷን እያጠለቀች።

ኖሪን ትጀምራለች። በስተግራዋ የቆመችው ሉፔ፣ በየዓመቱ ለመከር ከቶንጋ የምትመጣው የአርባ ዓመት ሴት፣ ወይ ትስቃለች ወይ ትከራከራለች። ግሌኒስም የራሷን ትላለች፤ ብቻ የግሌኒስ አስተያየት ሁልጊዜ "በጣም ደስ ይላል" ወይም "ትንሽ ረዘመብኝ" ከሚለው አያልፍም። ኖሪን ይህን አስተውላ አታውቅም። ለእሷ ዋናው የሚያዳምጣት ሰው ማግኘቷ ነበር፤ ከሦስት ሰው በላይ ፊት ምላሷ ይተሳሰራልና።

ችግሩ የመጣው ከሬዲዮ ነው።

የወንዙ ዳር ነዋሪዎች በፈቃደኝነት የሚያስተላልፉት ትንሽ ጣቢያ አለ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስለ መጽሐፍ የሚያወራ ሰው ሲፈልግ ግሌኒስ ቀረበች፤ ድምፅዋ ያምራል፣ ማይክሮፎን አያስፈራትም፤ ወዲያው ተቀበሏት። ማሸጊያ ቤቱ ሁሉ ኮራባት። የፈረቃው አለቃ ክሊቭ፣ ከፖም በስተቀር ምንም የማያወራው ሰውዬ፣ የሐሙስን ጠዋት ፈቅዶላት ጣሪያው ላይ ያለውን ድምፅ ማጉያ ከፍ አደረገላት።

በመጀመሪያው ሐሙስ ግሌኒስ ስለ አንድ የወንጀል ልቦለድ አወራች። "ይህ ደራሲ ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም" አለች። "ገጸ ባሕርይዋን ሽንኩርቱን ከሥጋው በኋላ ያስጨምራታል። ሽንኩርት የማያውቅ ሰው መርዝ ያውቃል ብዬ እንዴት ልመነው?"

የሬዲዮው አዘጋጅ ራስል ከት ብሎ ሳቀ።

"ኧረ ያንቺ ናት!" አለች ሉፔ። "ማክሰኞ ነው ያልሽው!"

"የእኔ ናት" አለች ኖሪን፣ ደስም እያላት። ቃሏን በአየር ላይ መስማቱ እንግዳ ነገር ሆነባት።

በሁለተኛው ሐሙስ ስለ አንድ የፍቅር ታሪክ፣ "ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ሲያለቅሱ አንድ ቀን እንኳ አልራባቸውም" አለች ግሌኒስ። ያም የኖሪን ነበር። በሦስተኛውም እንዲሁ። ኖሪን መሳቁን አቆመች፤ ግን ጓደኛ ናት፣ ምን ይባላል ብላ ዝም አለች።

ከዚያ ያ የወተት ገበሬው መጽሐፍ መጣ።

ታሪኩ አጭር ነው። የአንድ ገበሬ ሚስት ጠዋት ትሞታለች። ሰውየው አመሻሹ ላይ እንደ ወትሮው ሰዓቱን ሳያዛንፍ ላሞቹን ያልባል። ሴት ልጁ ይህን አይታ ዕድሜ ልኳን ሳትምረው ትቀራለች። መጽሐፉን ሉፔም ግሌኒስም ከኖሪን ጋር ጀምረውት ነበር፤ ወይም ግሌኒስ ጀምሬዋለሁ ብላለች።

"ድንጋይ ነው!" አለች ሉፔ አንድ የበሰበሰ ፖም እየወረወረች። "እኛ አገር ሰው ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ ሥራ ፈቶ ነው የሚቀመጠው። ይሄ ሰውዬ ባልዲውን አንስቶ ይሄዳል? ልጅቷ እውነቷን ነው።"

"ድንጋይ ነው በእውነት" አለች ግሌኒስ።

ኖሪን ፖሟን መልቀሟን ቀጠለች። በሻይ ሰዓት ግን ከግሌኒስ ጋር ከማሸጊያ ቤቱ ጀርባ፣ በተገለበጡ ሳጥኖች ላይ ተቀምጠው ወንዙን እያዩ ሳለ ድንገት ወጣላት።

"ድንጋይ አይደለም" አለች። "ክላሪ የሞተ ቀን እኔ ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? ጠዋት ከሆባርት፣ ከሆስፒታል፣ ብቻዬን መኪና እየነዳሁ ተመለስኩ። ቤት አልገባሁም። የዶሮ ቤቱን ቀባሁት።"

"ቀባሽው?"

"ክላሪ ከመታመሙ በፊት ጀምሮት ነበር። አረንጓዴ። ግማሹን ቀብቶ ብሩሹን ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ውስጥ እንደነከረ ትቶታል። ያ ብሩሽ እዚያው ቆሞ ሳየው... የእሱ እጅ የቆመበት ቦታ ይታይ ነበር። ከዚያው ላይ ቀጠልኩ። ሁለት እጅ ቀባሁት። ሰዎች በመኪና ሲያልፉ አዩኝ። አንዱ 'ይህቺ ሴት ድንጋይ ናት' ማለቱን በኋላ ሰማሁ። እኔ ያን ቀን ያደረግኩት ከእሱ ጋር ትንሽ መቆየት ነው። ያ ገበሬም እንደዚያ ነው። ላሞቹ የሚስቱ ነበሩ፣ ስም ያወጣችላቸው እሷ ናት። አርባ ሦስተኛው ገጽ ላይ አለ። ማንም አያስተውለውም እንጂ።"

ግሌኒስ እጇን ያዘቻት። "ለማንም አልተናገርሽውም?"

"ለማንም። ላንቺ ብቻ።"

ይህ የሆነው ሰኞ ነው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ኖሪን እጇ ቀበቶው ላይ እንዳለ ግሌኒስ ከጣሪያው መናገር ጀመረች። ገበሬው ድንጋይ እንዳልሆነ ተናገረች። ስለ ላሞቹ ስም፣ ስለ አርባ ሦስተኛው ገጽ ተናገረች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ራስል፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ የሞተች ቀን እኔ ቤት ተመልሼ የዶሮ ቤት ቀባሁ። አረንጓዴ። ለመርሳት ብዬ። ሰዎች ድንጋይ ናት አሉኝ።"

"ግሌኒስ..." አለ ራስል፤ ድምፁ ተሰበረ።

የኖሪን እጅ ቆመ። የበሰበሰውም የደህናውም ፖም አብሮ እየተንከባለለ አለፈ። ከቀበቶው ወዲያ ያሉ ሁለት ሴቶች ዓይናቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ። "ወይኔ ግሌኒስ፣ ምስኪን!" ትላለች አንዷ።

"ኖሪን! ፖሙ!" ብሎ ጮኸ ክሊቭ።

አልሰማችውም። ሉፔ ፊቷን አይታ የእሷንም ድርሻ መልቀም ጀመረች።

በማግሥቱ ዓርብ ኖሪን ግሌኒስን በሩ ላይ ጠበቀቻት።

"ምነው ፊትሽ?" አለች ግሌኒስ። "ትናንት ሰማሽኝ? ራስል አለቀሰ እኮ።"

"የክላሪን ቀን በእናትሽ ስም አወራሽው።"

"ስምሽን አልጠራሁም! ስምሽን ብጠራማ ዛሬ ልትገድይኝ ነበር።"

"ስሜን መጥራት ሌላ፣ የእኔን ወስዶ የራስ ማድረግ ሌላ!"

"ኧረ ተይ! ሐሳብ እኮ ነው፣ ጫማ አይደለም። እኔ ስለተናገርኩት አንቺ ጋ ጎደለ?"

"አዎ፣ ጎደለ!"

ግሌኒስ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ሴቶቹ ካፖርታቸውን እየሰቀሉ ነው። ድምፅዋን ቀነሰች። "አንቺ እንደሆንሽ አትናገሪውም። አራት ሰው ፊት ስምሽን መጥራት የሚያቅትሽ ሴት! እኔ ባላወጣው ከአንቺ ጋር መቃብር ነበር የሚወርደው። ትናንት ስንት ሰው እንደተጽናና ታውቂያለሽ?"

"በምኑ ነው የተጽናኑት? ለመርሳት ብዬ ቀባሁ አልሽ። እኔ ለመርሳት ብዬ አልኩሽ?"

"ለመርሳት፣ ላለመርሳት... ምን ልዩነት አለው?"

ኖሪን ትኩር ብላ አየቻት። የሰረቀችውን እንኳ በቅጡ አላየችውም! ሌባ ብትሆን ይሻላት ነበር፤ ሌባ ቢያንስ የወሰደውን ዕቃ ዋጋ ያውቃል።

"እናትሽ የሞተች ቀን" አለች በመጨረሻ ቀስ ብላ፣ "አንቺ ከዚህ በጣም ርቀሽ ኩዊንስላንድ ነበርሽ። የባሕር ዳርቻ ላይ። የላክሽልኝ ፖስት ካርድ እስካሁን አለኝ።"

ግሌኒስ የኖሪንን ክንድ ጨብጣ፣ "ለማንም እንዳትናገሪ" አለች። "ሐሙስ አስተካክለዋለሁ። በእናቴ።"

"እናትሽን ተያት!" አለች ኖሪን፣ ክንዷን አስለቅቃ ገባች።

ሳምንቱን ሙሉ ጎን ለጎን ቆመው አልተነጋገሩም። ሉፔ በመሐል ስለ አየሩ ልታወራ ሞክራ ተወችው። ግሌኒስ አስተካክላለሁ ብላለችና ኖሪን ጠበቀች። ብትጠላም ጠበቀች።

ሐሙስ ደረሰ። ራስል ከመጀመሪያው፣ "ደብዳቤ ጎርፎልናል" አለ። የተጻፈውን አነበበ። አንዲት ሴት ከወንዙ ማዶ እናቷ የሞተች ቀን አጥር እንደጠገነች ጽፋለች። አንድ ሽማግሌ ግሌኒስን ባርኳል። "ግሌኒስ፣ ምን ትያለሽ?"

ኖሪን ቀና ብላ ድምፅ ማጉያውን አየች።

"ምን እላለሁ ራስል" አለች ግሌኒስ። "እናቴ አረንጓዴ ቀለም ትወድ ነበር። ምናልባት ለዚያ ይሆናል።" ከዚያ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ተሰማ።

ኖሪን ጓንቷን አወለቀች። አንዱን ቀበቶው ላይ ጣለችው፤ ከፖሙ ጋር ሄደ። ክሊቭ አፉን ሲከፍት ሉፔ "ተዋት!" ብላ ገሠጸችው፤ ክሊቭን ማንም እንዲህ ተናግሮት ስለማያውቅ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ኖሪን ወደ ሻይ ክፍሉ ገብታ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጣቢያውን ቁጥር ደወለች።

"አንድ ደዋይ አለን" አለ ራስል። "ማን ልበል?"

"ኖሪን ፒርስ እባላለሁ። ከፖም ማሸጊያው ነው።"

በግድግዳው ወዲያ ድምፅዋ ከጣሪያ ሲያስተጋባ ሰማችው። የራሷ አልመሰላትም። አንድ ሰው ማሽኑን አጠፋ፤ ሕንፃው ሁሉ ጸጥ አለ።

"ያ የዶሮ ቤት የእኔ ነው" አለች። "የሞተው ባሌ ነው፣ ክላሪ። ለመርሳት ብዬ አይደለም የቀባሁት። እሱ ጀምሮት ነበር። ብሩሹ ገና እርጥብ ነበር። እጁ የቆመበት ቦታ ይታይ ነበር፣ ከዚያ ላይ ነው የቀጠልኩት። ስለ ገበሬው የተባለውም የእኔ ሐሳብ ነው፣ ግን ተበላሽቶ ነው የተነገራችሁ። ሰውየው ላሞቹን ያለበው ሐዘኑን ለመሸሽ አይደለም። ሚስቱ የነካችውን ነገር መንካት ስለፈለገ ነው። እባካችሁ መጽሐፉን ደግማችሁ አንብቡት። ለመርሳት የሚል ቃል የትም የለበትም!"

በሽቦው ውስጥ የግሌኒስ ትንፋሽ ይሰማል፤ አጭር አጭር፣ ዱላ የሚጠብቅ ሰው ዓይነት። ኩዊንስላንድ የሚለው ቃል ከኖሪን ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንድ ቃል ነበር። ያን ብትል ግሌኒስ ከዚህ ወንዝ ዳር ተነቅላ ትሄዳለች፤ እንደምትሄድ ታውቃለች፣ ደግሞም ለአንድ ጊዜ ያህል እንድትሄድ ፈለገች።

"የቀረው የግሌኒስ ነው" አለች። "እኔ የራሴን ብቻ ነው የወሰድኩት።"

ስልኩን ዘጋች።

ከጣሪያው ግሌኒስ፣ በሬዲዮ ድምፅዋ ሳይሆን በተሰነጠቀ ድምፅ፣ "እውነቷን ነው" አለች። "የኖሪን ነው። የሽንኩርቱም የእሷ ነበር። ሁሉም።" ራስል በችኮላ ሙዚቃ ለቀቀ።

ኖሪን ስትወጣ ሁሉም ቆመው ያዩዋታል። አንዷ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ኖሪን ግን ገና ተቆጥታ ስለነበር ጎን ብላ አለፈች። ክሊቭ ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ መጣ።

"ያን ቀን በመኪና ሳልፍ አይቼሻለሁ" አለ መሬት መሬት እያየ። "ለሚስቴ... ድንጋይ ናት ያልኩት እኔ ነኝ።"

"አንተ?"

"እኔ።"

"ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ስትጠብቅ ነበር? ሬዲዮ?"

ክሊቭ ጆሮው ድረስ ቀላ። "ይቅርታ" አለ፤ ሄዶ ጓንቷን ከሳጥኑ ውስጥ ፈልጎ አመጣላትና ማሽኑን አስነሳ።

ግሌኒስ ዓርብ አልመጣችም። ሰኞ መጥታ ሌላኛው ቀበቶ ላይ ቆመች። ጣቢያውን ለቃ ነበር። ራስል ኖሪንን ሥራው ላይ ድረስ መጥቶ ለመናት። "የሚሰማኝን ሰው ፊቱን ካላየሁ አልናገርም" አለችው። "ያን ዕለት የተናገርኩት ስለተናደድኩ ነው። በየሳምንቱ ልታናድደኝ ነው?"

ሁለት ሳምንት አለፈ። ማክሰኞ የመጽሐፍ መኪናዋ ስትመጣ ኖሪን ውስጥ ገብታ መርጣ ስትወጣ ግሌኒስን ከደረጃው ሥር ቆማ አገኘቻት። ጸጉሯ ሥሩ ነጥቷል።

"አንድ ነገር ልንገርሽና እሄዳለሁ" አለች። "እናቴ ስትሞት ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ተኝቼ መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር። ስልኩ ሲደወል ገጹ እንዳያመልጠኝ ብዬ ጣቴን መሐሉ ላይ አድርጌ ነው ያነሳሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ መጽሐፍ ጨርሼ አላውቅም። ትንሽ እንደሄድኩ ያ ስልክ ይደወልብኛል። አንቺ ስታወሪ ግን ያነበብኩት ይመስለኝ ነበር።"

ኖሪን መጽሐፎቹን ደረቷ ላይ አቅፋ አየቻት። ልቧ ሊራራ ፈለገ፤ ንዴቷም አልሄደ።

"በሬዲዮ መናገር የነበረብሽ ይህን ነበር!" አለች። "ይሄ ያንቺ ነው! ከእኔ ዶሮ ቤት ይሄ አይበልጥም? ይህን የመሰለ ነገር ይዘሽ የእኔን ትወስጃለሽ?"

"አሳፈረኝ።"

"እኔንስ አላሳፈረኝም?"

ኖሪን ደረጃውን ወርዳ ቤቷ ሄደች፤ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እቤቷ ደርሳም ሻይ ስታፈላ ኩባያውን ከሚገባው በላይ አስጮኸችው።

ግሌኒስ ግን ያን ዕለት ከመጽሐፍ መኪናዋ አንድ መጽሐፍ ወስዳ ኖሯል፣ ቀጭን፣ ስለ አንድ የበግ ጠባቂዎች ቤተሰብ። አስራ ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። የመከሩ የመጨረሻ ሳምንት ላይ፣ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት፣ ከሌላው ቀበቶ ተሻግራ ኖሪን ፊት ቆመች። መጽሐፉን ቀበቶው ጠርዝ ላይ አኖረችው።

"ጨረስኩት" አለች። "የመጨረሻውን ገጽ ሁለቴ አነበብኩት። ጠላሁት።"

ኖሪን መጽሐፉን አየች። ባለፈው ክረምት ያነበበችው ነው፤ ከወደደቻቸው ሁሉ የወደደችው።

"ምን?"

"በግ፣ በግ፣ በግ! ታላቅ እህትየዋ ደግሞ ሞኝ ናት። ያን ሁሉ ዓመት ቁጭ ብላ ከምትጠብቅ ሁሉን ጥላ አትሄድም? እኔ ብሆን ገና በሁለተኛው ምዕራፍ ሄጄ ነበር።"

"ሞኝ? ሞኝ ነው ያልሽው?" የኖሪን ፊት ቀላ። "መሄድ እኮ አትችልም! ወንድሟን ማን ያያል? ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው ያነበብሽው?"

"ወንድሟ ትልቅ ሰው ነው! ራሱን ይይ!"

"እግር የለውም እኮ ሰውየው!"

"እግር ባይኖረው አፍ አለው፣ ቀን ከሌት ሲያዛት ነው የሚውለው!"

"ይሄኛው እውነት ነው" አለች ሉፔ ጓንቷን እያጠለቀች። "ያዛታል።"

"አንቺ ደግሞ ዝም በይ!" አለች ኖሪን። ወደ ግሌኒስ ዞራ ጣቷን ቀሰረች። "ተሳስተሻል። ከላይ እስከ ታች ተሳስተሻል። ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ምን እንደምትለው ልንገርሽ..."

ማሽኑ ተነሳ። የመጀመሪያዎቹ ፖሞች እየተንከባለሉ መጡ። ግሌኒስ ወደ ሌላኛው ቀበቶ ለመሄድ ዞር ስትል ኖሪን በእጅጌዋ ያዘቻት።

"የት ትሄጃለሽ? አልጨረስኩም እኮ!"

ክሊቭ ከወዲያ ማዶ ስለ ፖሙ ጮኸ፤ ማንም አልሰማውም።